ዳማከሴ በሲኒ፣ ዳማከሴ በላብራቶሪ

ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው ሐይቁንና ዘንባባውን ያያል። እኔ በዚህኛው ጉዞዬ ዓይኔ የዋለው የሰው አጥር ስር ነው። ዳማከሴ ፍለጋ። ደግሞም ሞልቷል። ከግቢ በር አጠገብ፣ ከጤና አዳሙ ጎን፣ የእጅ ማስታጠቢያ ውሃ የሚደፋበት ጥግ ላይ በቅሎ ታገኙታላችሁ።

የጓደኛዬ እህት ፋርማኮሎጂ፣ ማለትም የመድኃኒትን አሠራር፣ እያጠናች ነው። የመመረቂያ ጥናቷ ዳማከሴ ላይ ነው። ሕመምና እብጠት ያስታግሳል የሚባለውን በአይጦች ላይ ትፈትሻለች። «ዘጌ ቅጠል ልለቅም ስለሆነ ነይ፣ ከዚያ ላብራቶሪውንም አሳይሻለሁ» አለችኝ። እናቴ በዳማከሴ ያሳደገችኝ ልጅ ነኝና ሁለት ጊዜ ማሰብ አላስፈለገኝም።

በሞተር ጀልባ ከባሕር ዳር ዘጌ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ውሃው ላይ ጥላ የለም። ፀሐዩ አናት ይበሳል። መንገድ ላይ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ዓሣ አጥማጆች አለፉን። ዘጌ ስንወርድ ራሴ ይወቅጠኝ ጀምሯል። ዘጌ ውስጥ በገዳሙ ሥርዓት በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል ነው። ሰው የሚተዳደረው በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ነው። ዛፉም የተረፈው በዚህ ይመስለኛል። ከጀልባው ወርዳችሁ ጥቂት እንደተራመዳችሁ ቀዝቃዛ ጥላ ውስጥ ትገባላችሁ። ስለ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕሎች ብዙ ተጽፏልና እሱን አልደግመውም።

ቅጠሉን የምትወስደው ከአንዲት እናት ጓሮ ነው። ገና በሩ ላይ እያለን አዩኝና «ይቺ ልጅ ምች መቷታል» አሉ። ራስ ምታት እንዳለኝ አልተናገርኩም ነበር።

«ፀሐይ ነው እማማ፣ ይተወኛል» አልኩ።

«ፀሐዩ አይደል ታዲያ ምች የሚሆነው! ተቀመጪ ልጄ።»

ለጋ ለጋውን ቀንጥሰው በውሃ አለቀለቁት። ከዚያ በሁለት መዳፋቸው መሃል አሹት። አስተሻሸታቸው ችኮላ የለውም። ቅጠሉ መጀመሪያ ይንኮሻኮሻል፣ ቆይቶ ይለሰልሳል፣ በመጨረሻ ጥቁር አረንጓዴ ውሃ በጣቶቻቸው መሃል ወርዶ ሲኒው ውስጥ ይንጠባጠባል። ሽታው በሶብላን ያስታውሳል፣ ግን ይበልጥ ይሰነፍጣል። ዘመድም ናቸው፤ ሳይንሱ ሁለቱንም ኦሲመም በሚባል አንድ ወገን ነው የሚመድባቸው። ጭማቂው ላይ ትኩስ ቡና ጨመሩበትና ሰጡኝ። የቀረውን ገለባ ግንባሬ ላይ ለጠፉት። «ሳብ አድርገሽ አሽትቺው» አሉኝ። መረረኝ፣ ግን ጨረስኩት።

«እማማ፣ ስንት ቅጠል ነው የሚጨመቀው?» ጠየቀቻቸው ተመራማሪዋ።

«እጅ የያዘውን ያህል ነዋ።»

እሷ ትንሽዬ ሚዛን ይዛ ነበር። እንደገና እንዲቀነጥሱላት ለመነቻቸው። ደጋግመው ቀነጠሱላት፣ እሷም እያንዳንዱን እፍኝ መዘነች። አንዱም ከሌላው ጋር እኩል አልመጣም። እማማ ሚዛኑን በጥርጣሬ አዩት። እሷ ግን በጣም ደስ ብሏት ሁሉንም ደብተሯ ላይ ጻፈች። ሰው በትክክል ምን ያህል እንደሚጠጣ ሳይታወቅ የመድኃኒቱን መጠን መናገር አይቻልም። ይህንን ብዙ ሰው ይዘለዋል።

አበባ ያለው ቅርንጫፍም ቆርጣ በጋዜጣ መሃል ዘረጋችና በካርቶን አሰረችው። ናሙናው ዕፅዋት ወደሚመዘገቡበት ቤት ይሄዳል። ባለሙያ ያየዋል፣ ቁጥር ይሰጠዋል። ነገ ሌላ ሰው ሥራዋን ሊደግም ቢፈልግ የቱን ተክል እንደፈተሸች ያውቃል።

ራስ ምታቴ ለቀቀኝ። ደስ አለኝ፣ እማማም ደስ አላቸው። ወደ ጀልባው ስንመለስ «በቃ ሠራ ማለት ነው አይደል?» አልኳት። እሷ ጣቷን እያጠፈች ቆጠረችልኝ። ጥላ ውስጥ ተቀምጠሻል። ውሃ ጠጥተሻል። ቡና ጠጥተሻል፤ የቡናው ካፌን ራሱ ሕመም ማስታገሻ ኪኒን ውስጥ የሚገባ ነገር ነው። ያም ባይሆን ራስ ምታት ብዙ ጊዜ ጊዜውን ጠብቆ ይለቃል። «ከነዚህ ሁሉ ዳማከሴውን ለይቼ ማወቅ አለብኝ። ላብራቶሪ የምገባው ለዚህ ነው» አለችኝ።

ላብራቶሪው ጠባብ ክፍል ነው፣ የአይጥ ሽታ አለው። ቅጠሉ የሚደርቀው በጥላ ነው፤ ፀሐይ ላይ ከዋለ ሽታውን የሚሰጠው ዘይት ይተናል። ከደረቀ በኋላ ይፈጫል። ሜታኖል በሚባል አልኮል (80 በመቶ) ለሦስት ቀን ይዘፈዘፋል፣ ይጣራል፣ አልኮሉ እንዲተን ይደረጋል። የሚቀረው ዕቃ ላይ የሚጣበቅ ጥቁር አረንጓዴ ነገር ነው። መጀመሪያ የሚፈተሸው መርዛማነቱ ነው። ለአንድ ኪሎ ክብደት እስከ 2,000 ሚሊ ግራም ድረስ ለአይጥ ይሰጥና ለ14 ቀን ይታያል።

ከዚያ እብጠቱ ይመጣል። ከባሕር አልጌ የሚወጣ ካራጂናን የሚባል ነገር በአይጧ የኋላ እግር መዳፍ ውስጥ ይወጋል። መዳፉ ያብጣል። አንዱ ቡድን ውሃ ብቻ ነው የሚጠጣው። ሌላው የታወቀ ፀረ እብጠት መድኃኒት ይሰጠዋል። የቀሩት ዳማከሴውን በተለያየ መጠን ይወስዳሉ። በየሰዓቱ መዳፏ ውሃ የሞላ ትንሽ ቱቦ ውስጥ ይነከራል፣ ከፍ ያለው ውሃ ይነበባል። የሚለካው ሰው የትኛዋ አይጥ ምን እንደጠጣች አያውቅም። ሕመሙ ደግሞ ለብቻው ነው የሚፈተሸው። 55 ዲግሪ ገደማ በሞቀ ሳህን ላይ አስቀምጦ እግሯን እስክትልስ ሴኮንድ ይቆጠራል። ባትልስም እንዳትቃጠል ከተወሰነ ሴኮንድ በኋላ ትነሳለች።

አይጦቹ አሳዘኑኝ፣ አልደብቅም። እሷም ታዝንላቸዋለች። ያለ ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ አንዷም አትነካም፣ ቁጥራቸውም ለማወቅ ከሚያስፈልገው በላይ አይሆንም።

ገና ያላሳተመችውን ውጤቷን እኔ ቀድሜ አላወራውም። ከዚህ ቀደም አገራችን ውስጥ በተሠሩ ሙከራዎች ግን ከዳማከሴ ቅጠል በውሃና በአልኮል ተዘፍዝፎ የወጣው ነገር በአይጦች ላይ ትኩሳትን፣ ሕመምንና እብጠትን ቀንሷል። እናቶቻችን ያሉት ከመሬት ተነስቶ አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማም እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከታች በኩል የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ነው ምርምራቸውን የጀመሩት። ቀንድ አውጣዎቹ ቢልሃርዝያን የሚያሸጋግሩ ናቸው፤ በሽታው ጣና ዳርም አለ። ዶክተሩን ትልቅ ያደረጋቸው በሴቶቹ እጅ ላይ የነበረውን ነገር ሳይንቁ መፈተሻቸው ነው።

አንድ ነገር ግን ያስፈራኛል። ጣና ዳር የወባ አገር ነው። ልጅ ሲያተኩሰው «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ይጠጣል፣ ትኩሳቱም በረድ ይላል፣ ቤተሰቡም ይረጋጋል። ወባው ግን ደሙ ውስጥ ሥራውን ይቀጥላል። ትኩሳት የሚያበርድ ነገር ሁሉ፣ ቅጠልም ይሁን ፓራሲታሞል፣ በሽታውን አያድንም። ይህን ለእማማም ነግሬያቸዋለሁ። «እሱማ እናውቃለን፣ ልጅ ካተኮሰው ጤና ኬላ ደሙን እናሳያለን» አሉኝ። ሁሉም ሰው እንደ እሳቸው ቢሆን! ዳማከሴውም ይጠጣ፣ ደሙም በዚያው ቀን ይታይ። ነፍሰ ጡሮች ደግሞ ሐኪም ሳያማክሩ ባይጠጡት እመርጣለሁ፤ የአይጥ እግር ላይ የሚለካ እብጠት ስለ ፅንስ ምንም አይናገርም።

ከመለያየታችን በፊት የከነከነኝን ጠየቅኳት። ዘጌ ውስጥ ማንም ቅጠል በሜታኖል ዘፍዝፎ አይጠጣም። ታዲያ የላብራቶሪው ዳማከሴና የሲኒው ዳማከሴ አንድ ነው? «አይደለም» አለችኝ ሳታመነታ። አልኮሉ የሚያወጣውን ሁሉ ውሃ አያወጣውም፣ በእጅ የተጨመቀው ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። ለዚህ ነው እፍኙን ስትመዝን የዋለችው። የሚቀጥለው ዙር እንደ እማማ ትኩስ ቅጠል በእጅ ጨምቃ ነው፤ አንዱ ቡድን ጭማቂውን ብቻ፣ አንዱ ቡና ብቻ፣ አንዱ ሁለቱን አንድ ላይ ይጠጣል። ቡናውንም ከዘጌ ገዝታለች።