ሁለት ቡሲያ

ኪሱሙ የሄድኩት የባቡር ሐዲድ ለማየት ነው። ናይሮቢ ያሉ ወዳጆቼ ነገሩ አልገባቸውም፤ «ለመዝናናት ከሆነ ሞምባሳ አይሻልህም?» አሉኝ። እኔ ግን ለዓመታት አብሮኝ የኖረ ጥያቄ ነበረኝ። ከሞምባሳ ተነስቶ ኬንያን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ የቆመው ያ የጥንት ባቡር ለምን «የኡጋንዳ ባቡር» ተባለ?

እንግሊዞች ሐዲዱን ከሞምባሳ መዘርጋት የጀመሩት በ1896 ነው (በዚህ ማስታወሻ ውስጥ «ዓ.ም.» ካልኩት ቀን በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኞች ከሕንድ መጡ፤ 2 ሺህ 500 ያህሉ እዚያው ሞቱ። ሐዲዱ በ1901 መጨረሻ ሐይቁ ዳር ሲደርስ ኪሱሙ የኡጋንዳ ከተማ ነበረች። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1902፣ እንግሊዞች የኡጋንዳን ምሥራቃዊ ግዛት ቆርጠው ዛሬ ኬንያ ለምንለው አስተዳደር ሰጡት። በዚያ ምድር ላይ የሚኖረውን ሕዝብ የጠየቀው አልነበረም። ኪሱሙ ካለችበት ሳትነቃነቅ አገሯ ተቀየረ።

ሐይቁ ዳር ተቀምጬ የተጠበሰ ቲላፒያ ዓሣ ከኡጋሊ፣ ከበቆሎ ገንፎ፣ ጋር ስበላ የማስበው ይህንኑ ነበር። ከወደቡ ተነስታ ካምፓላ አጠገብ ወዳለው ፖርት ቤል ወደብ የምትሄድ «ኡሁሩ» የምትባል መርከብ አለች፤ ትርጉሙ «ነጻነት» ነው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ የባቡር ፉርጎዎችን ከነጭነታቸው ተሸክማ ሐይቁን ስታቋርጥ ኖራ፣ ለዓመታት ቆማ፣ በ2019 መጨረሻ ነዳጅ ይዛ እንደገና ሥራ ጀመረች። የሁለቱን አገሮች ግንኙነት ታሪክ ማወቅ የሚፈልግ ሰው የዚህችን መርከብ መሄድና መቆም ቢከተል ይበቃዋል ብዬ አምናለሁ።

በማግሥቱ ጠዋት በማታቱ፣ በኬንያ ሚኒባስ ታክሲ፣ ወደ ኡጋንዳ ድንበር ተጓዝኩ። መንገዱ ከሁለት ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ወደ ድንበር ከተማዋ ቡሲያ ስትቃረብ መጀመሪያ የሚታየው ከተማው ሳይሆን የጭነት መኪናው ሰልፍ ነው፦ ሲሚንቶ የጫኑ ተሳቢዎች፣ ብረት፣ የምግብ ዘይት፣ ጨው፣ ከሁሉም በላይ የነዳጅ ቦቴዎች። ከቦቴዎቹ አንዱን የሚያሽከረክር ሰው ጥላ ሥር ሻይ ሲጠጣ አገኘሁትና አጠገቡ ተቀመጥኩ። በ2020 በኮሮና ወቅት የሆነውን እንዲነግረኝ ጠየቅሁት። ሰልፉ በአሥር ኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር እንደነበረና የምርመራ ውጤት እየጠበቀ ለቀናት መኪናው ሥር እንዳደረ ነገረኝ። «ካምፓላ የሚሄደው ታክሲ እኛ እዚህ ስንቆም ይቆማል» አለኝ። ሲኩራራ አልነበረም፤ ሸክሙ የከበደው ሰው አነጋገር ነበር።

እውነቱን ነው። በ1976 የኡጋንዳው ገዥ ኢዲ አሚን የምዕራብ ኬንያን መሬት ናይሮቢ አቅራቢያ ድረስ የኔ ነው ሲል ኬንያ የመለሰችለት በጦር አልነበረም። ወደ ኡጋንዳ የሚያልፈውን ነዳጅና ሸቀጥ ያዘች፤ አሚንም ቃሉን ለማለዘብ ተገደደ። በ2008 መጀመሪያ ከኬንያ ምርጫ በኋላ ሁከት ተነስቶ ኪቤራ በተባለው የናይሮቢ ሰፈር ሐዲዱ ሲነቀል ደግሞ ማንም ኡጋንዳን ለመጉዳት አላሰበም፤ ካምፓላ ግን ነዳጅ አጣች። ወደብ የሌለው አገር ልጅ ስለሆንኩ ይህ ለእኔ የመጽሐፍ ታሪክ አይደለም። ጅቡቲ ላይ አንድ ነገር ሲስተጓጎል አዲስ አበባ ላይ የዘይት ዋጋ ምን እንደሚሆን ያየ ሰው የካምፓላን ጭንቀት ማንም እንዲያስረዳው አይፈልግም።

ቡሲያ ሁለት ናት። የኬንያዋም ቡሲያ ትባላለች፤ የኡጋንዳዋም ቡሲያ። ሳሚያና ቴሶ የሚባሉት ሕዝቦች በመስመሩ ግራና ቀኝ ይኖራሉ፤ የአንዱ ጎጆ እዚህ፣ የአማቹ እዚያ ነው። ዛሬ መላው ምሥራቅ አፍሪካ ለሞተር ሳይክል ታክሲ የሚጠቀምበት «ቦዳ ቦዳ» የሚለው ስም የተወለደው እዚሁ ነው፤ በሁለቱ ኬላዎች መካከል ያለውን ርቀት መንገደኛ በብስክሌት የሚያሻግሩ ወጣቶች «ቦርደር ቱ ቦርደር» (ከድንበር ድንበር) እያሉ በእንግሊዝኛ ሲጣሩ ቃሉ ተሰባብሮ ቦዳ ቦዳ ሆነ።

ከ2018 ወዲህ ኬላው አንድ ሆኗል። ወደ ኡጋንዳ የሚገባ ሰው ኬንያ በኩል አይቆምም፤ አልፎ ሄዶ በኡጋንዳ በኩል ያለው ሕንፃ ውስጥ የሁለቱም አገር ሠራተኞች ጎን ለጎን ተቀምጠው ይጠብቁታል። ኬንያዊቷ የመውጫዬን ማህተም መትታ ፓስፖርቴን በእጇ ለጎረቤቷ አቀበለችው፤ እሱ የመግቢያውን መታ። ያ የእጅ መቀባበል ልቤን ነካው። በእነዚሁ ሁለት አገሮች መካከል፣ በዚችው ቡሲያ፣ በታኅሣሥ 1987 ወታደሮች ተታኩሰዋል።

ከሕንፃው ወጥቼ ገንዘብ መንዛሪዎቹ ዘንድ ቆምኩ። አንድ የኬንያ ሽልንግ ከ25 በላይ የኡጋንዳ ሽልንግ ያወጣል። ሁለቱ አገሮች በ1966 የየራሳቸውን ገንዘብ ሲያትሙ ግን አንዱ ለአንዱ እኩል ነበር፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ገንዘባቸው ራሱ አንድ ነበር። አየር መንገዳቸው አንድ ነበር፤ የባቡር ድርጅታቸውም። ቅኝ ገዥው ለራሱ ምቾት አንድ ያደረገውን እነሱ ከነጻነት በኋላ ከታንዛኒያ ጋር ሆነው በ1967 የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ በሚል ውል የራሳቸው ሊያደርጉት ሞከሩ፤ አሥር ዓመት ቆይቶ በ1977 ፈረሰ። አውሮፕላኑም ፉርጎውም መርከቡም የውርስ ንብረት ሆኖ ተከፋፈለ። በ1999 ማኅበረሰቡን ለመመለስ በታንዛኒያዋ አሩሻ እንደገና ፈረሙ። ፈርሶ ያየነውን ቤት መልሶ ለመሥራት የሚነሳ ሰው አከብራለሁ፤ አገር ሲያደርገውማ ይበልጥ።

ገበያው ውስጥ በቆሎ የምትሸጥ አንዲት ኡጋንዳዊት አገኘሁ። በዕድሜ ትበልጠኛለችና እንደ አገሩ ልማድ «ማማ» እያልኩ ነው ያነጋገርኳት። ከቶሮሮ አካባቢ ገዝታ ወደ ኬንያ ታሻግራለች። ጭነቷ ከ2,000 ዶላር ስለማይበልጥ ቀለል ያለች አንዲት የምስክር ወረቀት ይዛ ያለ ቀረጥ ታልፋለች። በፊት ግን የምትሄደው «በአይጥ መንገድ» ነበር፤ በየጓሮው ለሚያሾልኩት መተላለፊያዎች የሰጧቸው ስም ነው። «በአይጥ መንገድ የሄደች ሴት ላይ የሚደርሰውን አትጠይቀኝ» አለችኝ፤ አልጠየቅኋትም።

በመጋቢት 2021 ኬንያ አፍላቶክሲን የተባለ የሻጋታ መርዝ አግኝቼበታለሁ ብላ የኡጋንዳንና የታንዛኒያን በቆሎ ስትከለክል ይህች ሴት 16 ኬሻ ይዛ መሐል መንገድ ላይ ነበረች። እገዳው በቀናት ውስጥ በቅድመ ሁኔታ ተነሳ፤ ወረቀት የማሟላት አቅም ያለው ትልቅ ነጋዴ ቶሎ አለፈ። የእሷ በቆሎ ግን ዝናብ መታው። ከዚያ በፊት በወተት ተጣልተዋል፤ በ2020 መጀመሪያ የኡጋንዳ ወተት ኬንያ ውስጥ ተይዞ ነበር። በ2023 መጨረሻ ደግሞ ኡጋንዳ ነዳጄን ራሴ በቀጥታ ላስገባ ስትል ኬንያ ፈቃዱን ከለከለች፤ ኡጋንዳም አሩሻ ባለው የምሥራቅ አፍሪካ ፍርድ ቤት ከሰሰቻት። በቀጣዩ ዓመት ተስማሙና የኡጋንዳ ብሔራዊ የነዳጅ ኩባንያ በሞምባሳ በኩል ማስገባት ጀመረ።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ሲጨቃጨቁ ይኖራሉ» ይላል። እኔ የታየኝ ሌላ ነው። አሚን በሬዲዮ ካርታ ሲያነብብ የነበረበት ጠብ ዛሬ የሚካሄደው በላቦራቶሪ ውጤት፣ በፈቃድ ማመልከቻና በክስ መዝገብ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ ሆነው በዚያው ሳምንት ቦቴው ያልፋል። ይህ ትንሽ ነገር የሚመስለው ድንበሩ ተዘግቶበት የማያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ዓዲግራት የምትኖር አክስት አለችኝ። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር የሚያገናኘው የዛላምበሳ ኬላ ሲከፈት ሃያ ዓመት ያላየቻቸውን ዘመዶቿን ለማየት በርበሬና ጤፍ ቋጥራ ከተሻገሩት አንዷ ነበረች። ስትመለስ ጨርቅና ጫማ ይዛ፣ ለሚመጣው በዓል የምታደርገውን ሁሉ አስባ ነበር። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ኬላው ተመልሶ ተዘጋ። ስንት ኪሎ ጤፍ በስንት ብር እንደሚያልፍ፣ ብርና ናቅፋ በምን እንደሚመነዘር፣ የተበደለ ነጋዴ የት እንደሚከስ፣ አንድም በወረቀት ላይ የሰፈረ ነገር ለሕዝብ ሳይነገር ተከፍቶ፣ ሳይነገር ተዘጋ።

ለበቆሎ ነጋዴዋ ይህን ስነግራት እህሉን ትሰፍርበት የነበረውን ጣሳ አስቀመጠች። «ታዲያ አክስትህ ጤፉን አሁን የት ትሸጣለች?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ለቅምሻ አንድ ኪሎ በቆሎ ገዛሁና እጅ ነስቼ ተነሳሁ።

ከሰዓት በኋላ በጂንጃ በኩል ወደ ካምፓላ የሚሄደውን አውቶቡስ ያዝኩ። ጂንጃ ነጭ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣባት ከተማ ናት። እዚያ በ1954 የተመረቀው ግድብ ለረጅም ጊዜ ኬንያን በመብራት ሲያግዝ ኖሯል፤ ነዳጅ ወደ ምዕራብ፣ መብራት ወደ ምሥራቅ። በ2018 የተመረቀው አዲሱ ድልድይ ላይ ስንደርስ አውቶቡሳችን ቀስ አለ። ከፊታችን በኬ የሚጀምር ታርጋ ያለው ቦቴ ነበር። ከወዲያ በኩል በዩ የሚጀምር ታርጋ የለጠፈ፣ በሸራ የተሸፈነ የእህል መኪና መጣ፤ ሾፌሮቹ የፊት መብራታቸውን አብርተው ተላለፉ።