ከጎንደር ወደ ውሃ ዳር፦ ልጆች ይዞ የት ይኬዳል?

ከጎንደር መውጣታችን ነው እንግዲህ። ተወስኗል። ይሄን ለመጻፍ ራሱ እጄ ከብዶኝ ነበር፣ ምክንያቱም ጎንደር ተወልጄ ያደኩባት፣ ተምሬ ስራ የያዝኩባት፣ ሁለቱንም ልጆቼን የወለድኩባት ከተማ ናት፣ ጥር 11ን ሌላ ቦታ ሆኜ እንዴት እንደማሳልፈው እስካሁን አልገባኝም። ግን ባለቤቴ ኤሌክትሪሽያን ነው፣ ግንባታ ባለበት ሁሉ ስራ አያጣም፣ እኔም ነርስ ነኝ፣ ከተጋባን ጀምሮ ደግሞ ስናወራው የኖርነው ነገር አንድ ቀን ውሃ ዳር እንኖራለን የሚል ነው። ልጆቹ ሳያድጉ ካልሆነ መቼም አይሆንም ብለን ነው ዘንድሮ የቆረጥነው።

የውሃን ነገር ጎንደር ላይ ያደገ ሰው ያውቀዋል። እኛ ቤት ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፣ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት፣ ሮቶው ውስጥ ሲወርድ ድምፁን ሰምቼ እነቃለሁ፣ ከዛ ጀሪካኑን ባልዲውን ሳፋውን እየደረደሩ መሙላት ነው። የአንገረብ ግድብ በደለል እየሞላ ከተማው በየአቅጣጫው እየሰፋ ስለሄደ ሌላ ሊሆን አይችልም። ትልቋን ልጄን ገላዋን ሳጥባት "በዚህች ጆግ ብቻ" እያልኩ ነው ያሳደኳት። እና ትንሽ ልጅ ሆና መጀመሪያ ጣናን ያየች ቀን ዝም ብላ አይታ አይታ "እማዬ ይሄ ሁሉ የማን ነው?" ነው ያለችኝ። እስከዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

የኔ ፍቅር ደግሞ ከአባቴ ነው። ነፍሱን ይማረውና በወጣትነቱ ምፅዋ ባህር ኃይል ነበር፣ ነጭ ዩኒፎርም ለብሶ ከጀርባው ባህሩ የሚታይበት ፎቶ ሳሎን ተሰቅሎ ነው ያደግነው። ምፅዋ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የሌላ ሀገር ከተማ ናት፣ እሱም ቢሆን ስለ ባህሩ ሲያወራ ሙቀቱን ሳያነሳ አያልፍም ነበር፣ እውነቱን ነው፣ የዓመቱ አማካይ 30 ዲግሪ አካባቢ የሆነ ቦታ ነው። ብቻ እውነተኛ ባህር ዳር መኖር የሚለው ሀሳብ ቤታችን ውስጥ የቆየ ስለሆነ የባለቤቴ ወንድም ከጅቡቲ ደውሎ "እዚህ ኑ፣ ስራ አለ" ሲለን ቁጭ ብለን አስበንበታል። ግን በጋቸው ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፣ ትምህርቱ በፈረንሳይኛና በአረብኛ ነው፣ የቤት ኪራዩን ሲነግረን ደግሞ ዝም አልን። የነጠላ ሰው ሀገር ነው ለኛ፣ ሰርቶ ገንዘብ ልኮ የሚመለስ ሰው። ልጆች ይዞ ለሚሄድ አይሆንም።

ስለዚህ ሐይቅ ቀረን። ሀገራችን ደግሞ በሐይቅ አትታማም።

ሐዋሳን በጣም ነው የወደድኩት፣ ሳልዋሽ። ከተማው ሜዳ ነው፣ መንገዱ ሰፊ ነው፣ ማታ ማታ ሰው ልጆቹን ይዞ ሐይቁ ዳር በእግሩ ይሄዳል፣ አሞራ ገደል ላይ አሳ አጥማጆቹ ጀልባ ሲያስጠጉ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከሰው ጋር ተጋፍተው ትርፍራፊ ሲለቅሙ ትንሹ ልጄ ከዛ አልነሳም ብሎ አስቸግሮን ነበር። ስራም አለ። ግን ከጎንደር አዲስ አበባ ብቻ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ከዛ ሐዋሳ ሌላ 270 ምናምን። እናቴ አብራን ነው የምትኖረው፣ ወንድሞቿ እህቶቿ ሁሉ እዚህና ደምቢያ ናቸው፣ አንድ ሰው ቢሞት ለቀብር የማንደርስበት ቦታ ወስጄ ላስቀምጣት አልችልም። ለሌላ ሰው ይሄ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፣ ለኔ ግን ልጆች የሚያድጉት ሰው ሲሞት የሚሄድ፣ ሲወለድ የሚሄድ ዘመድ መካከል ነው፣ ከዛ ነጥቄ ውብ ሐይቅ ባሳያቸው ምን ሰጠኋቸው?

ጎርጎራ ደግሞ የልቤ ነች። ስለሷ ብዙ ነው የምጽፈው ምክንያቱም ልንሄድ ለጥቂት ነው የቀረን።

ጣና ዳር ናት፣ ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው፣ እናቴ የደምቢያ ልጅ ስለሆነች እዛ ስንደርስ የማያውቃት ሰው የለም። ደብረ ሲና ማርያም ግቢ ዛፉ ስር ሲቀመጡ ሐይቁ ይታያል፣ ታንኳ ደንገል ጭኖ ሲያልፍ ይታያል፣ በጣሊያን ጊዜ የተሰራው ወደብ አለ፣ አሁን ደግሞ በገበታ ለሀገር የተሰራው ሪዞርት ስላለ መንገዱም መብራቱም እንደ ድሮው አይደለም፣ ባለቤቴ "ለኔ ስራ እዚህ ነው ያለው" እያለ ነበር። ኪራይ ርካሽ ነው። ግቢው ሰፊ ነው። ልጆች እንደልባቸው ይሯሯጣሉ። እኔም በልቤ እቃ መጫን ጀምሬ ነበር።

ግን የጤና ሰው ነኝ፣ እና አይኔ ሌላም ነገር ያያል። ሐይቁ ዳር ሳሩ ውሃ ውስጥ የገባበት ቦታ ጎንበስ ብዬ አንድ የደንገል ግንድ ገለበጥኩ፣ ከስሩ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ተለጥፈዋል፣ የጥፍር ያህል፣ ጠፍጣፋ፣ ዙሪያውን የተጠቀለሉ፣ ቡናማ። የቢልሃርዝያ ትል የሚያድገው እንዲህ ዓይነት ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። ከቀንድ አውጣው የሚወጣው እጭ በዓይን አይታይም፣ በተለይ ፀሐይ ሞቅ ሲል እኩለ ቀን ላይ ነው በብዛት ወደ ውሃው የሚለቀቀው፣ ልክ ልጆች ሊዋኙ በሚገቡበት ሰዓት፣ ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ከዛ ጉበት አንጀት ነው። ትል መግደያው ክኒን አለ፣ ፕራዚኳንቴል፣ በደንብ ይሰራል፣ ነገር ግን ድጋሚ እንዳይዝ አይከላከልም፣ ልጁ ነገ ተመልሶ ውሃው ውስጥ ከገባ ተመልሶ ይይዘዋል። ሐይቅ ዳር ያደጉ ልጆች ሆዳቸው ተነፍቶ ሲመጡ ያየ ሰው ይሄን ዝም ብሎ አያልፍም።

ወባም አለ። ጎንደር ከተማ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች እኛ ወባን የምናውቀው በአብዛኛው ከቆላው ከሚመጣ ሰው ነው፣ ደምቢያ ግን ሜዳ ነው፣ ክረምቱ ወጥቶ ውሃ ሲያቆር ከመስከረም እስከ ህዳር ትኩሳት የማይገባበት ቤት ጥቂት ነው። አጎበር እንሰቅላለን፣ እሺ፣ እሰቅላለሁ፣ ግን ስድስት ዓመት ልጅ ሌሊት አርባ ዲግሪ ቢያተኩሰውና ማንቀጥቀጥ ቢጀምረው ጤና ጣቢያው ካቃተው ቆላ ድባ ድረስ ነው መሮጥ፣ ከዛ ካለፈ ጎንደር፣ በዚህ ጊዜ ደግሞ በሌሊት መንገድ ማን ይወጣል? ማንም። ይሄን ሳስበው ነው ልቤ የተመለሰው። እምቦጩም አለ፣ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ጣናን የያዘው አረም በሰሜንና በሰሜን ምስራቅ በኩል ያለውን ዳር ነው ክፉኛ የመታው፣ ማለትም የደምቢያን የጎንደር ዙሪያን የሊቦን የፎገራን፣ ስንቱ የጎንደር ወጣት ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል እንደነበር አንረሳውም። ነፋሱ ሲገፋው አንድ ቀን ጥርት ያለው ዳር በማግስቱ አረንጓዴ ሆኖ ይገኛል።

ባለቤቴ አዝኖ ነበር። "አንቺ ሁሌ የምታይው በሽታውን ነው" አለኝ። እኔም "ሌላ ማን ያይልሃል ታዲያ?" አልኩት፣ ከዛ ሁለታችንም ዝም አልን፣ ማታ ላይ ግን እሱ ራሱ ነው ባህር ዳርን ያነሳው።

ባህር ዳር ላይ እንዳንቸኩል ያደረገን ሁሉም ሰው "ባህር ዳር ነዋ!" ስለሚል ነው። ግን ጊዜ ወስጄ ሳስበው ሰው የሚለው ስለ ዘንባባውና ስለ ሐይቁ እይታ ነው፣ እኔ የምፈልገው ሌላ ነው። እይታ ለእንግዳ ነው። ቤተሰብ የሚኖረው ማክሰኞና ረቡዕን ነው፣ ልጅ ትምህርት ቤት ብቻዋን ሄዳ ብቻዋን መመለስ መቻሏን፣ እናቴ ያለ ሰው ድጋፍ ቤተክርስቲያን መድረሷን፣ ትኩሳት ሲመጣ የምሮጥበት ሆስፒታል መኖሩን። በዚህ ከታየ ባህር ዳር ይበልጣል። ፈለገ ሕይወት አለ፣ ጥበበ ግዮን አለ፣ ለኔም ስራ ፍለጋ አይቸግርም። ከተማው ሜዳ ነው፣ የጎንደርን ዳገት በጉልበቷ ስትወጣ ለኖረች እናቴ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ሳይክል ደግሞ ሞልቷል፣ ሴቶች ልጆች ዩኒፎርም እንደለበሱ ቦርሳቸውን ከኋላ አስረው ሲነዱ ልጄ ቆማ ስታያቸው አየኋት፣ ምንም አላለችም፣ ማታ ግን "ሳይክል ስንት ነው?" ብላ አባቷን ጠየቀች። ጎንደር ላይ ሳይክል ጠይቃ አታውቅም፣ የት ትነዳዋለች?

ትምህርቱም አንድ ክልል ስለሆነ ስርዓቱ አይቀየርባትም። ዘንድሮ 6ኛን ጨርሳለች፣ 7ኛ ስትገባ መካከለኛ ደረጃ ብላ አዲስ ትምህርት ቤት ነው የምትገባው፣ ስለዚህ እዚህም ብትሆን ጓደኞቿ መበታተናቸው አይቀርም ነበር፣ 8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ከመድረሷ በፊት አንድ ሙሉ ዓመት ታገኛለች ለመልመድ። ልጅ ይዞ ከተማ የሚቀይር ሰው ይሄን ቢያስብበት ጥሩ ነው፣ የፈተና ዓመት ላይ ልጅ ማንሳት በጣም ይጎዳል።

ባህር ዳርም ቢልሃርዝያ አለ፣ ወባ አለ፣ ሚያዝያና ግንቦት ሙቀቱ ይከብዳል፣ ውሃም ይቆራረጣል። ሐይቁ አንድ ሐይቅ ነው። ስለዚህ ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብለን ተነጋግረናል፣ ጣና የሚታይ ነው፣ ጀልባ የሚኬድበት ነው፣ የሚገባበት አይደለም። መዋኘት ከፈለጉ በገንዳ እናስተምራቸዋለን፣ እንዲያውም የግድ እናስተምራቸዋለን፣ ውሃ ዳር እየኖሩ ዋና አለመቻል አደጋ ነው። ጀልባ ላይ ጃኬት ሳይለብሱ አይወጡም፣ ከሰዓት ደግሞ ንፋሱ ስለሚነሳ ሐይቁ ይናወጣል፣ ወደ ዘጌ መሄድ ከሆነ ጠዋት ነው። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ ስላለ ዳር ዳሩን በምሽት መጫወት የለም። ቤታችንም ውሃው አፋፍ ላይ አይሆንም፣ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ሰፈር ነው የምንፈልገው፣ ትንኙም ይቀንሳል፣ ኪራዩም ይቀንሳል፣ ሐይቁን ሲያምረን በእግር እንሄዳለን።

የመንገዱን ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ጎንደር ባህር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ነው፣ አዘዞ፣ ማክሰኚት፣ እንፍራንዝ፣ አዲስ ዘመን፣ ወረታ እያለ በሰላሙ ጊዜ ቁርስ በልቶ ተነስቶ ለምሳ የሚደረስበት ነበር። አሁን መንገዱ ይዘጋል ይከፈታል፣ ሰው ከመነሳቱ በፊት መደወል ልማድ ሆኗል። ይሄ ነገር እስኪያልፍ ድረስ የትም ብንሄድ ሀሳብ አለብን፣ ቢያንስ ግን ሰላም ሲወርድ ለእናቴ ወገኖች የግማሽ ቀን መንገድ ላይ ነን።

እናቴን በመጨረሻ ነው የጠየቅናት፣ በስርዓቱ፣ ቡና ተፈልቶ። ሰምታን ስታበቃ "እናንተ ካላችሁበት እኔ የት እቀራለሁ፣ ግን የማርያም ማህበሬን ሳላስረክብ አልነሳም፣ ቤቱም ደወል የሚሰማበት ይሁን፣ ሌላ አልጠይቅም" አለች። የደወሉን ነገር ባለቤቴ ከኔ በላይ ነው የያዘው፣ አሁን ቤት አለ ሲሉት መጀመሪያ የሚጠይቀው "ቅርብ ያለው ቤተክርስቲያን የቱ ነው?" ብሎ ነው። ዕድሯንም እዚህ አንተውም፣ መዋጮውን አጎቴ ይከፍልላታል።

እንግዲህ አሁን የቀረን ስራ ነው። የልጆቹን ካርድና መሸኛ ከትምህርት ቤት፣ የኛን መሸኛ ከቀበሌ ማውጣት አለብኝ፣ የሳሙና በሩን ቤት የሚከራየው ሰው ተገኝቷል፣ ሮቶውን ግን ይዘነው ነው የምንሄደው። ባለቤቴ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ቀድሞን ሄዶ ቤት ይይዛል፣ ምዝገባ ሳያልፍ ነሐሴ ላይ እኛ እንከተላለን። መጀመሪያ መከራየት ነው፣ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ሳንኖርበት መሬት ቤት ግዢ የሚባል ነገር አናነሳም። ባህር ዳር የምትኖሩ ሽምብጥም ሆነ ህዳር 11 አካባቢ ሶስት ክፍል፣ ግቢው የተከለለ፣ ባለቤቶቹ ልጆች ሲጮሁ የማይቆጡ፣ ደወል የሚሰማበት ቤት ካያችሁ ንገሩኝ። ሳይክል ማስቀመጫ ቦታ ካለው ደግሞ በጣም ደስ ይለኛል።