አራስ ቤት በባትሪ

እማማ ጠዋት ደጃፋቸው ላይ ስንዴ ሲያበጥሩ ወፎቹ ከሰፌዱ የሚወርደውን ግርድ ይጠብቃሉ። ግቢያችን ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ቁልቁል ሲወረድ ከአስፋልቱ ጀርባ ናት፤ አምስት ቤተሰብ እንጋራታለን። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ስኖር ወፎቹን ልብ ብዬ አይቻቸው አላውቅም። አንድ ቅዳሜ መብራት ጠፍቶ ቤት መቀመጥ ሲሰለቸኝ ዱካ ይዤ ወጣሁና እማማ አጠገብ ቁጭ አልኩ። በዚያው የወፍ ተመልካች ሆኜ ቀረሁ።

እኛ ግቢ ትንሽ ወፍ ሁሉ ድንቢጥ ነው። ቀረብ ብለው ሲያዩት ግን ግርዱን ከሚለቅሙት መካከል አንዱ ከአናቱ እስከ ደረቱ ድልህ የተቀባ ይመስላል። ምንቃሩ ቀይ ነው፤ ዓይኑ ዙሪያ ቀጭን ቢጫ ቀለበት አለ፤ ጎኑ ላይ ደግሞ በመርፌ ጫፍ የተነካ የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ። ቁመቱ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱም ከ8 እስከ 10 ግራም ነው። ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው። እንግሊዞቹ ፋየርፊንች ይሉታል። ሳይንሳዊ ስሙን ላጎኖስቲክታ ሴኔጋላን ያገኘው ሊኒየስ የተባለው የስዊድን ተመራማሪ በ1766 እ.ኤ.አ. ከሴኔጋል በመጣ ወፍ ስለገለጸው ነው እንጂ ከሴኔጋል እስከ እኛ፣ ወደ ታችም እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ አገሩ ነው። ሰው ባለበት መንደር ይወዳል፤ ደጃፍ ላይ ይለቅማል፤ ግድግዳ ውስጥ ይወልዳል።

የመጀመሪያው ስህተቴ ደብተሬ ላይ አለ። ሁለት ወር ሙሉ «ቀዩ» እና «ቡናማዋ» እያልኩ እንደ ሁለት ዓይነት ወፍ መዘገብኳቸው። «ቡናማዋ ዛሬም ከቀዩ ጋር መጣች» ብዬ የጻፍኩበት ገጽ እስካሁን ያስቀኛል። ባልና ሚስት ናቸው! ሴቷን የምትለያት ምንቃሯና ዓይኗ መካከል ያለችው ትንሽ ቀይ ነጥብ ናት፤ ስትነሳ ደግሞ ከጅራቷ በላይ ያለው ቀይ ብልጭ ይላል። ይህን ያየሁት ግዮን ሆቴል አጸድ ውስጥ ባይኖኩላር አንጠልጥዬ ስዞር አይደለም። እዚያ ብዙ ወፍ አይቼ አንዱንም አላወቅኩም። ያየሁት ዱካዬን ከእማማ ሰፌድ ስድስት እርምጃ ላይ አስቀምጬ፣ ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 1፡30 በየቀኑ እዚያው ስቀመጥ ነው። ሳምንት ሳይሞላ ዕቃ አድርገው ቆጠሩኝ።

ምግብ ላይም ተሞኝቻለሁ። ደግ የሆንኩ መስሎኝ የተረፈ ሩዝና የእንጀራ ፍርፋሪ በተንኩላቸው። እርግብ መጣ፤ ማታ አይጥ መጣ፤ የጎረቤት ድመትም አይጡን ተከትላ መጣች። ቀይዋ ወፍ የምትበላው የሣር ፍሬ ነው፤ ከመሬት የረገፈ፣ ከጤፍ ብዙም የማይበልጥ። አንዳንዴ ምስጥ ትጨምርበታለች። ስለዚህ መበተኑን ተውኩና አጥሩ ሥር ሁለት ክንድ የምታህል ቦታ ሣሯ ሳይታጨድ ፍሬ እንድትይዝ ለመንኩ። ከአከራዬ ጋር ለዚች ሁለት ክንድ የተከራከርኩትን ያህል ለኪራይ አልተከራከርኩም። ውሃም በስኒ ማስቀመጫ አኖርኩ፤ መጀመሪያ ቁጥቋጦው ሥር ነበር፣ ድመቷ እዚያው ስታደፍጥ ባያት ጊዜ ወደ ገላጣው ሁለት እርምጃ አወጣሁት።

ክረምቱ አልፎ ሣሩ ፍሬ ሲይዝ፣ መስከረም ላይ፣ ባልየው ሥራ ጀመረ። እንቁጣጣሽ ላይ የታረደው ዶሮ ላባ ግቢው ጥግ ተበትኖ ነበር። አንዷን ነጭ ላባ፣ ከራሱ የምትረዝመውን፣ ጫፏን በምንቃሩ ነክሶ ሚስቱ ፊት ቆመና ወደ ላይ ወደ ታች ይዘል ጀመር። እሷ ዞር አለች። እሱም ላባውን ሳይጥል ዞሮ ፊቷ መጣ። ለካ ይህ የዘራቸው ወግ ነው፤ ወንዱ ላባ ወይም ሣር ይዞ ነው የሚለምናት። ከዚያ ለቡና ከተጎዘጎዘው ቄጠማ የደረቀውን እያነሱ አጥሩ ላይ ባለው ሐረግ ውስጥ ድቡልቡል ጎጆ ሠሩ። በሩ በጎን ነው፤ ውስጡ የዶሮ ላባ ተነጥፎበታል።

እዚህ ላይ ነው የማፍርበት። ሚስትየዋ ስትወጣ ጠብቄ ሐረጉን ገለጥኩ፣ የጎጆውን በር በጣቴ ሰፋ አደረግኩና በስልኬ ባትሪ አበራሁ። ሦስት ነጭ እንቁላል፣ እያንዳንዱ የባቄላ ፍሬ የሚያክል። ፎቶው ደብዛዛ ሆነብኝና ደገምኩት። በማግስቱ ማንም አልመጣም። በሦስተኛው ቀንም። ለእማማ ስነግራቸው ሰፌዱን አስቀመጡና «አንተ ልጅ፣ አራስ ቤት በባትሪ ይገባል?» አሉኝ። ፎቶውን አጠፋሁት።

ጥቅምት ላይ እነሱ ይሁኑ ሌሎች፣ በጭቃው ግድግዳና በቆርቆሮው መካከል ባለች ስንጥቅ ውስጥ እንደገና ሠሩ። በዚህኛው ዱካዬን ከስድስት እርምጃ አላስጠጋሁም፤ እንቁላልም አልቆጠርኩም። በእነሱ መግባትና መውጣት ብቻ ነው ያወቅኩት። ለ11 ወይም 12 ቀን አንዱ ሲወጣ ሌላው እየገባ ይታቀፋሉ። ይህን ለእማማ ስነግራቸው «ወንዱም ይታረሳል በለኛ!» ብለው እስኪያነቡ ሳቁ። ከተፈለፈሉ በኋላ ሁለቱም ቋታቸው ውስጥ ለስለስ ያለውን ፍሬ ጫጩቶቹ አፍ ውስጥ ይገለብጣሉ።

የዚህን ወፍ ታሪክ ሳነብ ሌላ ጉድ ተገለጠልኝ። ኢንዲጎበርድ የሚባል ወንዱ ጥቁር የሆነ ወፍ አለ፤ ጎጆ አይሠራም፣ እንቁላሉን በዚችው በቀይዋ ጎጆ ይጥላል። ጫጩቱ እንደ ኩኩ የባለቤቷን ልጆች ገፍትሮ አይጥልም፤ አብሯቸው ያድጋል፣ አፉን ሲከፍት ላንቃው ላይ ያለው ነጠብጣብ ከእነሱ ጋር ስለሚመሳሰል እኩል ይጎርሳል። ወንዱ ሲያድግ የአሳዳጊዎቹን ዜማ ይዘምራል፤ ሴቷም ያንን ዜማ ሰምታ ነው የምትመርጠው። ሮበርት ፔይን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ጫጩቶቹን በሌላ ዓይነት ወፍ ጎጆ እንዲያድጉ ሲያደርጓቸው ወንዶቹ የዚያን የሌላውን ዜማ ዘመሩ። ይህን ባነበብኩ ማግስት መብራት ሽቦ ላይ ጥቁር ወፍ አየሁና ደብተሬ ላይ «ኢንዲጎበርድ!» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። የእግሩን ቀለም አላየሁም፣ ዜማውንም አልሰማሁም። ኋላ በእርሳስ ጥያቄ ምልክት ጨመርኩበት።

ከተፈለፈሉ በ18 ቀን ግድም ከስንጥቁ አራት ልጆች ወጡ፤ ቡናማ፣ ነጠብጣብ የሌላቸው፣ ምንቃራቸው ጠቆር ያለ። አንዱ ቆርቆሮው ላይ አንሸራትቶት እማማ ሰፌድ አጠገብ ወደቀ። ላነሳው ብድግ ስል «ተቀመጥ!» አሉኝ፤ ተቀመጥኩ። እናትየው ወርዳ ጎኑ ቆመች፣ እሱም አንገቱን ጠምዝዞ አፉን ከፈተ። እማማ ሰፌዱን በቀስታ ወደ ራሳቸው ሳቡና ድመቷ ወዳለችበት ጥግ ነጠላ ጫማቸውን ወረወሩ።