ለአጥቢያ ዳኝነት የተደረገ ግብግብ

ማርበሪ ማዲሰንን የከሰሰበትን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መዝገብ ሕግ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። እኛንም መምህራችን በቀጥታ ወደ ፍርዱ ወሰዱን፦ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጋጭን ሕግ ፍርድ ቤት ውድቅ ማድረግ ይችላል፤ ወደሚቀጥለው ርዕስ። ከሳሹ ከመነሻው ምን አጥቶ ነው ፍርድ ቤት የሄደው ብሎ የጠየቀ ተማሪ ትዝ አይለኝም። ዛሬ በሰሜን ቨርጂኒያ ፍርድ ቤቶች እያስተረጎምሁ ስኖር፣ ከፍርዱ ይልቅ የሚይዘኝ ያ ጥያቄ ሆኗል። የቤት ኪራይ፣ የመኪና ቅጣት፣ የጎረቤት ጠብ፦ ብዙው ሰው መንግሥትን ፊት ለፊት የሚያየው በትንሹ ችሎት እንደሆነ ስለማይ ይሆናል።

ማርበሪ ያጣው የአጥቢያ ዳኝነት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ በምርጫ ተሸንፈው ወንበሩን ለቶማስ ጀፈርሰን ሊያስረክቡ ቀናት ሲቀራቸው፣ በየካቲት 1801 መጨረሻ ስለ ዋና ከተማዋ አስተዳደር ሕግ ወጣ። አዳምስም በዚያ ሕግ መሠረት 42 አጥቢያ ዳኞችን አጩ፦ 23 ለዋሽንግተን በኩል፣ 19 ለአሌክሳንድሪያ። እኔ የምኖርባት አሌክሳንድሪያ ያኔ የዋና ከተማዋ ክልል አካል ነበረች። የእነዚህ ዳኞች ሥልጣን ከሃያ ዶላር በማይበልጥ የገንዘብ ክርክር ተወስኖ የነበረ ሲሆን፣ የሥራ ዘመናቸው አምስት ዓመት ነው። ደመወዝ የለም፤ ከባለጉዳይ የሚሰበሰብ የአገልግሎት ክፍያ ብቻ።

የሹመት ደብዳቤዎቹ ተፈረሙ፣ ማኅተም ተደረገባቸው፣ ከዚያም ጠረጴዛ ላይ ቀሩ። ማድረስ የነበረበት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጆን ማርሻል ነበር። ማርሻል በዚያው ሰሞን የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንትም ሆኖ ተሹሟል፤ ሁለቱንም ወንበር ይዞ ነበር የሚሠራው። ጀፈርሰን ሲገቡ ያልደረሱት ደብዳቤዎች እዚያው እንዲቀሩ አዘዙ፤ የዳኞቹንም ቁጥር ወደ 30 ዝቅ አደረጉ። የተከሰሰው ማዲሰን የእርሳቸው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነው። ከሠላሳዎቹ ብዙዎቹ አዳምስ የመረጧቸው ሰዎች መሆናቸው ደግሞ የሚገርም ነው። ማርበሪ ግን አልተካተተም። የጆርጅታውን ባለባንክና የአዳምስ ፓርቲ ደጋፊ ነበር። ከእርሱ ጋር የከሰሱት ሦስቱ ዴኒስ ራምሴይ፣ ሮበርት ሁ እና ዊሊያም ሃርፐር ነበሩ። ራምሴይና ሁ ቀደም ሲል የአሌክሳንድሪያ ከንቲባ የነበሩ ናቸው። እንግዲህ ባለባንክና የቀድሞ ከንቲባዎች ስለ ሃያ ዶላር ችሎት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሱ። በየካቲት 1803 ፍርዱን ያነበበው ያው ደብዳቤውን ሳያደርስ የቀረው ማርሻል ነበር፤ ያነበበውም አንደኛው ዳኛ ታሞ ስለነበር እርሱ ባረፈበት ሆቴል ውስጥ ነው። ሹመቱ ይገባሃል፤ እኛ ግን ሥልጣን የሚሰጠን ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ስለሚጋጭ ልናስፈጽምልህ አንችልም ተባለ። ማርበሪ ዳኛ ሳይሆን ቀረ።

ይህ ታሪክ ታናሽ ወንድም አለው፤ ማንም አያስታውሰውም። በዚያው ከተማ ቤንጃሚን ሞር የሚባል አጥቢያ ዳኛ፣ ኮንግረስ በ1802 ክፍያውን ካስቀረ በኋላ፣ ከአንድ ባለጉዳይ አሥራ ሁለት ተኩል ሳንቲም ተቀብለሃል ተብሎ በወንጀል ተከሰሰ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት፣ የተሾመ ዳኛ ገቢው አይቀነስበትም በማለት ለእርሱ ፈረደ። መንግሥት ይግባኝ አለ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1805 የወንጀል ይግባኝ የማየት ሥልጣን የለኝም ብሎ መለሰው። አሥራ ሁለት ተኩል ሳንቲም! መዝገቡን ሳነብ ጸሐፊዎቹን አሰብሁ፤ የወረቀቱና የቀለሙ ወጪ ብቻ ስንት እጥፍ ይሆን?

አሌክሳንድሪያ በ1846 ወደ ቨርጂኒያ እንድትመለስ ሲወሰን የጠበቃትም ሥርዓት የተሻለ አልነበረም። በቨርጂኒያ የአውራጃው ዳኞች ክፍት ቦታ ሲኖር የሚተካውን ሰው ለገዢው የሚጠቁሙት ራሳቸው ነበሩ፤ ስለዚህ ችሎቱ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከአማች ወደ አማች ይዞር ነበር። በሹመት ዘመን ቀዳሚ የሆነው ዳኛ የሸሪፍነት ተራ ሲደርሰው፣ ሥራውን በገንዘብ ለሌላ ያከራየዋል። ይህ የቆመው በ1851 ሕገ መንግሥት ነው።

የሹም ሽር ትምህርት ቤቱ ግን ኒው ዮርክ ነበረች። የ1777 ሕገ መንግሥቷ ሹመትን ለአንድ ጉባኤ ሰጠ፤ አባላቱ ገዢው ራሱ፣ እንዲሁም የተወካዮች ምክር ቤቱ በየዓመቱ የሚመርጣቸው አራት ሴናተሮች ነበሩ። ማን ያጫል የሚለው ጥያቄ ለዓመታት ሲያናክሳቸው ቆይቶ በ1801 አሮን በር የመሩት የሕገ መንግሥት ጉባኤ አራቱም ሴናተሮች እንደ ገዢው የማጨት መብት እንዳላቸው ወሰነ። ከዚያ ወዲያ ምክር ቤቱ በምርጫ በተገለበጠ ቁጥር የሹመት ጉባኤውም ይገለበጣል፤ እርሱ ሲገለበጥ ደግሞ የሩቅ ገጠር ዳኛ ሳይቀር ይሻራል። በ1821 በዚህ ጉባኤ እጅ የነበረው 8,287 የጦር እና 6,663 የሲቪል ሹመት ነው። ከሲቪሎቹ መካከል አጥቢያ ዳኞች በርካታ ነበሩ።

ፓርቲ ለምን ይህን ትንሽ ሰው ይፈልገዋል? ዱቄት የሸጠ ነጋዴ ገንዘቡን ለማስመለስ የሚሄደው ወደ እርሱ ነው። ባለዕዳው ጊዜ ስጠኝ ብሎ የሚለምነው እርሱን ነው። የእስር ማዘዣ የሚፈርመው፣ መሐላ የሚቀበለው፣ ለፖሊሱ ሥራ የሚሰጠው እርሱ ነው። በምርጫ ሰሞን እንዲህ ያለ ሰው መንደሩ ውስጥ ማንም ሳያዘው ብዙ ሊሠራ ይችላል። ሹመቱ የሚቆየው ወገኑ እስካሸነፈ ድረስ ብቻ መሆኑን ሲያውቅ ደግሞ፣ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን ብሂል የሚያስተምረው አያስፈልገውም።

በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ማርቲን ቫን ቢዩረን ያደገው በዚህ ምጣድ ላይ ነው። በ1808 በኒው ዮርክ የኮሎምቢያ አውራጃ የውርስ ጉዳይ ዳኛ ሆኖ የተሾመው የእናቱን ልጅ፣ የተቃራኒው ፓርቲ ሰው የነበረውን ወንድሙን ተክቶ ነው። በ1813 እርሱም በተራው ተሻረ። በኋላ የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆኖ በ1819 በድጋሚ ተሻረ፤ ያኔ ገዢው ደዊት ክሊንተን ነበሩ። የክሊንተንን ሁለት እህቶች ተራ በተራ ያገባው አምብሮዝ ስፔንሰር ደግሞ ከክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወንበር ላይ ሆኖ ለዓመታት የፓርቲ ሹመት ያቃና ነበር። ምርኮ የአሸናፊው ነው የሚለውን ዝነኛ ንግግር በ1832 በሴኔት ያሰማው ዊሊያም ማርሲም የኒው ዮርክ ሰው ነው፤ ያውም ከአንድ ዓመት በፊት ድረስ የዚያው የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበረ።

በ1821 የተሰበሰበው የሕገ መንግሥት ጉባኤ የሹመት ጉባኤውን አፈረሰ። ግን አጥቢያ ዳኞቹን ማን ይሹም? በሕዝብ ይመረጡ የሚለውን ሐሳብ ቫን ቢዩረን ተቃወመ፤ የሕዝብ ወገን ነኝ የሚለው ሰው። በመጨረሻ የአውራጃው ተመራጮችና የአውራጃው ዳኞች ለየብቻ ስም ዝርዝር እንዲያወጡ፣ ባልተስማሙበት ገዢው እንዲመርጥ ተወሰነ። የአውራጃ ዳኞቹን የሚያጨው ግን ያው ገዢው ነው፤ ስለዚህ ገዢው የዝርዝሮቹን አለመስማማት ለራሱ ማዘጋጀት የሚችል ሰው ሆነ። ተንኮሉ ግሩም ነው፤ ዕድሜው ግን አጭር ሆነ። በ1826 ሕዝቡ አጥቢያ ዳኞቹን ራሱ እንዲመርጥ ተወሰነ፤ በ1846 ሕገ መንግሥት ደግሞ ምርጫው እስከ ላይኛው ፍርድ ቤት ወጣ። ሚሲሲፒ ዳኞቿን ሁሉ ማስመረጥ የጀመረችው በ1832 ነበር።

ደጅ ጥናቱ ግን ደጁን ቀየረ እንጂ አልቀረም። ቀድሞ የገዢው በር ነበር፤ አሁን የፓርቲው ዕጩ አቅራቢ ስብሰባ ሆነ። በኒው ዮርክ ከተማ ለዳኝነት የታጨ ሰው ለፓርቲው መዋጮ ይከፍል ነበር። ከተማዋን በእጁ ባስገባው የፓርቲ አለቃ በዊሊያም ትዊድ ዘመን፣ ዳኞቹ ጆርጅ ባርናርድ እና ጆን ማከን በ1868 ምርጫ ዋዜማ በሺህ የሚቆጠሩ ስደተኞችን በጥድፊያ ዜጋ አደረጉ፤ ሌላው ዳኛ አልበርት ካርዶዞ ደግሞ ፍርድ ቤቱ የሚሰጠውን የገላጋይነት ሥራ ለዘመዱ ጠበቃ ያጎርፍ ነበር። በ1872 ካርዶዞ ከሥራው ለቀቀ፣ ሁለቱ ተባረሩ።

በማግስቱ ዓመት፣ በ1873፣ የኒው ዮርክ መራጮች አንድ ጥያቄ ቀረበላቸው፦ ዳኞቻችሁ እንደ ቀድሞው በሹመት ይሁኑ ወይስ በምርጫ ይቀጥሉ? የባርናርድ ቅሌት ገና ትኩስ ነበር። በከፍተኛ ድምፅ ምርጫው ይቀጥል አሉ። እኔም በዚያን ቀን ብኖር የምመርጠው ያንኑ ይመስለኛል፤ ቢያንስ የማባርረው ሰው ስም በወረቀቱ ላይ ይኖራል።