ጋምቤላን ከባሮ ዳር

ከጎሬ ተነስተን ቡሬን እንዳለፍን መንገዱ ወደ ታች ብቻ ሆነ። መጀመሪያ ጃኬት፣ ከዚያ ሹራብ ወለቀ፤ ጋምቤላ ስንደርስ የሚወልቅ ነገር አልቀረንም። ከ2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ 500 ሜትር አካባቢ ስትወርዱ ሌላ አገር የገባችሁ ነው የሚመስላችሁ። የሄድኩት በመጋቢት ነበር፣ ሙቀቱ ሲብስ። ብልህ ሰው በመጋቢት ጋምቤላ አይሄድም።

እኛ የአዲስ አበባ ልጆች ጋምቤላን የአገር ጫፍ አድርገን ነው የምናስባት። ባሮ ዳር ቁጭ ብሎ ለሚያያት ግን ከተማዋ ፊቷን ያዞረችው ወደ ምዕራብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 አጼ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት እንግሊዞች እዚህ የንግድ ጣቢያ ተሰጣቸው፤ ቦታው ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ፣ ለጦርም ለፖለቲካም እንዳይውል ተብሎ። ከዚያ በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች ከካርቱም በነጭ ዓባይ፣ ከዚያም በሶባት አድርገው እዚህ ድረስ ይመጡ ነበር። ከጎሬ በኩል በበቅሎ የወረደ ቡና ይጭናሉ፣ ጨውና ጨርቅ ያራግፋሉ። ሱዳን ነፃ ስትወጣ፣ በ1956 እ.ኤ.አ.፣ ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። መርከቦቹ ታዲያ የሚመጡት በክረምት ብቻ ነበር። ለምን እንደሆነ በመጋቢት ያየ ሰው አይጠይቅም፤ ወንዙ ሳስቶ መሃሉ ላይ አሸዋ ብቅ ብሏል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል።

አዞስ? አለ። እ.ኤ.አ. በ1966 አንድ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ እዚሁ ባሮ ውስጥ ሲዋኝ አዞ በልቶታል። ይህን እያወቅኩ ሰዉ ተረጋግቶ ሲታጠብና ልብስ ሲያጥብ ሳይ ግራ ገባኝ። አንዷን እናት «አትፈሩም?» ብላቸው «የት እንደሚተኛ እናውቃለን» አሉኝና ብርድ ልብሳቸውን መጨመቅ ቀጠሉ። እኔ እግሬን እንኳ አልነከርኩም።

ማታ ላይ ሙቀቱ ትንሽ ሲበርድ ከተማው ነፍስ ይዘራል። ድልድዩ ላይ ሰው ይንሸራሸራል። አኝዋክኛ፣ ኑዌርኛ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛ በአንድ ሻይ ቤት ይሰማል፤ አስተናጋጇ ሁሉንም ትመልሳለች። የተጠበሰው አሳ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ አዲስ አበባ ከምንበላው ጋር አይወዳደርም። ከተማዋ ግን ሽርሽር ብቻ አይደለችም። የእርዳታ ድርጅቶች መኪና በየመንገዱ ነው፤ ክልሉ ከ300,000 በላይ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን አስጠግቷል፣ የአኝዋክና የኑዌር ግጭት ሲነሳም ገበያው ይዘጋል፣ ባጃጅ ይጠፋል።

ወደ ማደሪያዬ የወሰደኝ ባለ ባጃጅ ኑዌር ነው፣ ጎበዝ ተማሪ ነበርኩ ይላል። አዲስ አበባ ሄደህ ታውቃለህ ወይ አልኩት። «አልሄድኩም፣ ሩቅ ነው፤ አጎቴ ያለው ናስር ነው» አለኝ። ናስር ደቡብ ሱዳን ውስጥ ናት፣ ይኸው ውሃ ሶባት ከተባለ በኋላ የሚያልፍባት ከተማ። እሱ ወደዚያ መሄድን እንደ ጉዞም አይቆጥረውም።