ራያ ላይ ስንደርስ

እሁድ እሁድ ከሰዓት ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይተን እስክስታ እንወርዳለን። አስራ አምስት ብንሆን ነው። አስተማሪ አለ፣ ባለ ባጃጅ አለ፣ ጡረታ የወጡ እትዬ አሉ፤ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ለመድረክ አይደለም፣ ለራሳችን ነው። ያልበናል፣ ቡና እንጠጣለን፣ እንበተናለን።

ፖለቲካ ጫማ አውልቀን እንደምንገባው በር ላይ ይቀራል ተባብለን ነበር። ቀረም፣ ዘፈኑ ራያ ላይ እስኪደርስ።

ባለ ባጃጁ ስልኩን እየነካካ፣ "ቀጥሎ የወሎ ራያ!" አለ። አስተማሪው፣ "ራያ ራያ ነው፣ ቅጥያ ምን አስፈለገው?" አለ። በቃ። አላማጣና ኮረም ድሮ ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ መሆናቸው ተነሳ፣ ኋላ ወደ ትግራይ መካለላቸው ተነሳ፣ ጦርነቱ ተነሳ። እኔም አፌን አልያዝኩም። ጥቅምት 2014 ደሴ ስትያዝ ልጄን አዝዬ በእግሬ የወጣሁ ሰው ነኝ። አስተማሪው ላይ የወረወርኩትን ቃል እዚህ አልጽፈውም፣ ያሳፍራል። እትዬ ብቻ ጀበናቸውን ይዘው "አብሽሩ፣ ቡናው በረደ" ይላሉ።

ንጉሥ ሚካኤል እዚሁ ደሴ ያሠሩትን አዳራሽ "አይጠየፍ" ብለውታል። የኛዋ ክፍል ግን ያን ቀን ተጠየፈች።

በሳምንቱ አንዲት አዲስ ልጅ መጣች። ትከሻዋ እምቢ ብሏታል፤ አንገቷን ስታስብ ትከሻው ይጠፋታል። ባለ ባጃጁ፣ ያው በራያ ጉዳይ የኔ ወገን፣ ከኋላዋ ሆኖ እያስመሰለ ጓደኞቹን ያስቃል። አየችው። ሄዳ ጥግ ላይ ተቀመጠች።

አስተማሪው ነው የተነሳው። ፊቷ ቆመ። መጀመሪያ ቀኝ ትከሻውን ብቻ፣ በጣም ቀስ አድርጎ። ከዚያ ግራውን። ምንም አላላትም። ዘፈኑ በፍጥነት ይሄዳል፣ እሱ በሷ ልክ ይሄዳል። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ልጅቷ ሳቀች።

እኔ ከዚያ ወዲህ ከባለ ባጃጁ ፊት ቆሜ አልወርድም። ሐሳባችን ዛሬም አንድ ነው፤ ትከሻዬ ግን አይታዘዝለትም።

ከአስተማሪው ጋር ስለ ራያ አልተስማማንም፣ የምንስማማም አይመስለኝም። ይቅርታ ግን ጠይቄዋለሁ። ባለፈው እሁድ የራያው ዘፈን ሲገባ መጥቶ ፊቴ ቆመ።

"የማን ነው?" አለኝ።

"የወሎ!"

"እምቢ!" ብሎ የጭፈራ ዱላውን አነሳና ዘለለ።