ሬጉላር ነህ ወይስ ጉፊ?

ጣጣው የጀመረው አምና ነሐሴ ላይ ነው። ከጣርማበር ወደ መሐል ሜዳ በሚገነጠለው መንገድ አጎቴ ጋ ሄጄ ሳለ ከሰዓት በኋላ በረዶ ጣለ። ዝም ብሎ በረዶ እንዳይመስላችሁ፤ ሽንብራ ሽንብራ የሚያህል፣ ግጦሹን ባንድ አፍታ የተነደፈ ጥጥ ያስመሰለ። ፎቶ አነሳሁና ካልጋሪ፣ ካናዳ ለሚኖረው ያክስቴ ልጅ ላኩለት። ከሥሩ "የኛ አገር በረዶ" ብዬ ጻፍኩበት።

ጥፋቴ እዚችው ላይ ነው። አማርኛችን ለስድብ ስንት ዓይነት ቃል እያለው በበረዶ ጉዳይ ግን ቆንቋና ነው። ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውም በረዶ፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋውም በረዶ፣ ካናዳ ላይ እንደ ላባ የሚረግፈውም በረዶ። ያክስቴ ልጅ ደግሞ ከአገር የወጣው በሰባት ዓመቱ ነው፤ በረዶ ሲባል የሚታየው የራሱ በረዶ ነው። ወዲያው ደወለ።

"ወንድሜ! ይሄን ያህል ስኖው አላችሁ? ለምን ቦርድ አላመጣልህም?"

እኔ ደብረ ብርሃን አንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቦርድ ሲባል የማውቀው በየሩብ ዓመቱ ተሰብስቦ አበል ፈርሞ የሚሄደውን ነው።

"ተወው፤ ያለን ቦርድ ይበቃናል" አልኩት።

ስኖውቦርድ፣ ማለትም ሁለት እግር ታስሮበት በረዶ ላይ ቁልቁል የሚንሸራተቱበት ጣውላ፣ ምን እንደሆነ ሲያስረዳኝ የአጎቴ ቤት አጠገብ ያለችው ጉብታ ላይ ቆሜ ነበር፤ ኔትወርክ የምትገኘው እዚያ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 አንድ አሜሪካዊ አባት ለልጆቹ ሁለት ስኪ (በየእግሩ የሚታሰር ቀጭን የበረዶ መንሸራተቻ) ጎን ለጎን አጣምሮ የሠራው መጫወቻ ነው አሉ መነሻው፤ ከዚያ አድጎ አድጎ በ1998 ናጋኖ ላይ ኦሎምፒክ ገባ። "ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ቫንኩቨር ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በስኪ ተወዳድሯል፤ አንተስ ምን ያንስሃል?" አለኝ። እውነት ለመናገር እዚያ ብርድ ላይ ቆሜ ምንም የሚያንሰኝ አልመሰለኝም።

"መዝለል ነው የምትፈልገው፣ ጥልቅ በረዶ ላይ መንሳፈፍ፣ ወይስ ካርቪንግ?"

"ካርቪንግ ምንድን ነው?"

"ቦርዱን በጠርዙ ታቆመውና በረዶውን እየቆረጥክ ትዞራለህ። ወደ ጎን መንሸራተት የለም፤ ቢላ ቅቤ ላይ እንደሚሄደው ነው።"

መዝለል የፍየል ሥራ ነው፤ መንሳፈፉም አልጣመኝም። ቆረጣ ግን የቁም ነገር ሰው ሥራ ይመስላል። "ካርቪንግ" አልኩ።

ከዚያ በኋላ ነው ጥያቄው የመጣው። ዋናው ቁመት እንዳይመስልህ አለኝ፤ ክብደት ነው። ለካርቪንግ የሚሆን ቦርድ ጠንከር ይላል። ወገቡ ከሁለቱ ጫፎች ቀጠን ያለ ስለሆነ በጠርዙ አጋድለህ ስትጫነው እንደ ቀስት ይለመጥና በዚያው ቅስት ይዞርልሃል። ለመለመጥ ግን ላዩ ላይ ሰው ያስፈልገዋል። ሰውየው ከቀለለ ቦርዱ ጣውላ ሆኖ ይቀራል።

"እኔ 82 ነኝ፤ አንተ ስንት ኪሎ ነህ?"

58 ነኝ። ግን 82 ያለበት ድምፅ ውስጥ አንዳች ነገር ነበረ። "75" አልኩ። ጠዋት ከነጋቢዬ ብመዘን፣ ትንሽ ቢጨመርበት፣ እግዜር ቢረዳ የሚደረስበት ቁጥር ነው።

"የጫማ ቁጥርህስ? እሱ የቦርዱን ስፋት ይወስናል። ቦርዱ ጠቦ ጫማህ ከጎን ከወጣ፣ ስታጋድለው ከጠርዙ ቀድሞ በረዶውን የሚነካው ጫማህ ይሆናል። ያኔ አለቀልህ።"

ልጅ ሳለሁ "አካፋ" ነበር የሚሉኝ። ምክንያቱም 44 ነው። "42" አልኩት፤ ከካናዳ ሆኖ እግሬን አያየው።

"እሺ፣ ሬጉላር ነህ ወይስ ጉፊ?"

"አይ፣ እኔ የተማርኩት በኤክስቴንሽን ነው።"

ለአንድ ደቂቃ ያህል ዝም አለ። ኔትወርኩ የሄደ መስሎኝ ነበር። ለካ ግራ እግሩን የሚያስቀድም ሬጉላር፣ ቀኙን የሚያስቀድም ጉፊ ይባላል። "ሳታስበው አንድ ሰው ከኋላ ይግፋህ፤ ልትወድቅ ስትል ቀድማ የምትወጣው እግር የፊተኛዋ ናት" አለኝ።

እቴቴን ለመንኳቸው፤ አያቴ ናቸው፣ እጃቸው እስካሁን ማገር ነው። "ምን አጠፋህና ነው የምገፋህ?" ብለው እምቢ አሉ። እኔም ረሳሁት። እሳቸው ግን ለካ አልረሱም። ማታ ጠላ በጣሳ ይዤ ደጃፉን ስወጣ በሁለት እጃቸው ከጀርባዬ ገፉኝ። ጠላው ከፊቴ፣ ጣሳው ከጠላው ቀድሞ ግቢው መሃል ደረሰ። ጉልበቴ ተላጠ። እሳቸው ደጃፉ ላይ ቆመው በእርጋታ "ቀኝህ ነው የቀደመ" አሉኝ።

ጉፊ ነኝ። ቃሉ በእንግሊዝኛ ቂል እንደ ማለት ነው አሉ፤ በስልክ ይሄን ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር።

ዘንድሮ ሐምሌ መጨረሻ ያክስቴ ልጅ ቁመቱ የሰው ቁመት የሚያህል ቦርሳ ተሸክሞ መጣ። ላምበረት መናኸሪያ ላይ ረዳቱ ቦርሳውን ዞረው፣ በጣቱ አንኳኳውና "የጣውላ ሒሳብ ነው" ብሎ አስከፈለን። አልተሳሳተም፤ ውስጡ እንጨት ነው፣ ዙሪያው ብቻ በስስ ብረት የተቀነበበ።

አጎቴ ቤት ሲደርስ ቦርዱ ወለሉ ላይ ተጋደመ። የካርቪንግ ቦርድ መሬት ላይ ሲቀመጥ መሃሉ ብድግ ይላል፤ ሆን ተብሎ ነው፣ ሰው ሲቆምበት ተጭኖ ጠርዙ ከጫፍ እስከ ጫፍ በረዶውን እንዲነክስ። እቴቴ ጎንበስ ብለው ሁለት ጣታቸውን ከሥሩ አሳለፉና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ጠሟል። እንጨቱን ሳይደርቅ ነው የሸጡላችሁ። በስንት ገዛኸው የኔ ልጅ?"

ያክስቴ ልጅ ዋጋውን በዶላር ነገራቸው፤ እኔም አጎቴ እንዳይሰሙ ዝም በል ብዬ ጠቀስኩት። ጠዋት ስንነሳ ቦርዱ ላይ አሮጌው የእጅ ወፍጮ ድንጋይ ተጭኖበታል። ሌሊት አጎቴን ቀስቅሰው አስጭነውት ነው። "እስከ ፍልሰታ ፍቺ ይቃናል" አሉ። ድንጋዩን ስናነሳው ቦርዱ ተመልሶ ብድግ አለ። እቴቴ "እልኸኛ ነው" ብለው ከዚያ ቀን ጀምሮ በአክብሮት ይራመዱት ጀመር።

አጎቴ ግን ከቦርዱ ጋር የተግባቡት ባንድ ጊዜ ነው። ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና "ዶልዱሟል" አሉ፤ እውነታቸውን ነበር። ሞረድ አምጥተው ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ ማጭድ እንደሚስሉት ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኬዱት። ያክስቴ ልጅ ካልጋሪ ላይ ለዚህ ሥራ ሱቅ ወስዶ እንደሚከፍል ሲናገር ሰምተው ቀና ብለው አዩት፤ ምንም አላሉም። ለመሄድ ማሰባቸውን ግን ከፊታቸው አነበብኩ። የቦርዱን ሆድ ሰም ደግሞ እኛው በከሰል ካውያ አቅልጠን ቀባነው። ሻማው ከየት መጣ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ እቴቴ ለመድኃኔ ዓለም ያስቀመጡት ነበር፤ እስካሁን አላወቁም።

የጫማው ነገር መጣ። 42 ቁጥሩ ቡት ተከፈተ። እግሬን አስገባሁ፤ ግማሹ ገባ። ተረከዜ ውጭ ቀርቶ "በጉዞ ላይ እግሬ አብጦ ነው" አልኩ። ከደብረ ብርሃን ጣርማበር ምን ያህል ጉዞ ነውና! መጨረሻ ላይ የአጎቴን ከስክስ አጠለቅኩ፤ እሱ 44 ነው። ያክስቴ ልጅ ከስክሱን ቦርዱ ላይ ሲያስር ጣቱም ተረከዙም ከጎንና ከጎን እንደ ቤት ክፈፍ ወጥቶ ቀረ። ማሰሪያዎቹን ፈቶ አዞራቸው፤ ሁለቱም እግሮቼ ወደ ፊት እንዲያዩ፣ የፊተኛው 30 ዲግሪ፣ የኋለኛው 15። "እግር ወደ ፊት ሲዞር ከጎን የሚወጣው ይቀንሳል" አለ። ቀነሰ፤ አላለቀም። አንዴ እግሬን አንዴ ፊቴን አየ፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ ዝም አለ።

ከዚያ በረዶ መጠበቅ። ሰው በረዶ ሲጠብቅ አይታችኋል? አጎቴ ገብስ አላቸው፤ በየማታው "አቤቱ ከበረዶ ሰውረን" ብለው ይጸልያሉ። ያክስቴ ልጅ ደጃፉ ላይ ሰማይ ሰማይ እያየ "ዛሬ ይጥል ይሆን?" ይላል። ባንድ ጣራ ሥር ሁለት ተቃራኒ ጸሎት። ከቡሄ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ግድም ሰማዩ ጠቆረ፣ ቆርቆሮው ተንኳኳ። አጎቴ "እግዚኦ!" ብለው ወደ ገብሱ ሮጡ፤ ያክስቴ ልጅ እያጨበጨበ ወደ ቦርዱ ሮጠ። ደግነቱ በረዶው የግጦሹን ተረተር መትቶ አለፈ፤ ገብሱ ተረፈ። አጎቴ ተመልሰው ሲመጡ ፊታቸው ስለበራ ብቻ ነው ያ ልጅ ያን ቀን ቤት የገባው።

ግጦሹ አራት ጣት በረዶ ለብሷል። ጫፉ ላይ ወጣሁ፦ የጎረቤት ሞተረኛ ሔልሜት፣ የአጎቴ ከስክስ፣ ውኃ አያስገባም የተባለ ጃኬት። ጅራፍ ሲለማመዱ የነበሩ እረኞች ጅራፋቸውን አቁመው ተደረደሩ። ከገደሉ አፍ ላይ ጭላዳዎች ሣራቸውን ትተው አዩኝ።

ለቀቅኩ።

መጀመሪያ ጥሩ ነበር። ሁለት ሴኮንድ ያህል። ከዚያ ለመዞር አጋደልኩ፤ ቦርዱ አልሰማኝም። 75 ኪሎ ሰው እየጠበቀ ነው፤ 58ቱን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ከሥር "ተረከዝ! ተረከዝ!" የሚል ጩኸት ሰማሁ። በሙሉ ኃይሌ ወደ ተረከዜ ተደገፍኩ። ጠርዙ በረዶውን ሳይነካ የከስክሱ ተረከዝ መሬቱን ነከሰ፤ ቦርዱ ከመሬት ተነሳ፣ እኔ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ። መቀመጥ ማለት መቆም ማለት አይደለም ለካ። ጭላዳ ሣር ሲግጥ በመቀመጫው እየተሳበ ነው የሚሄደው፤ እኔም እንደዚያው፣ እነሱ ፊት፣ ከነሱ በፈጠነ ፍጥነት ወረድኩ። ከፊቴ የድንጋይ ካብ አለ። ከካቡ በፊት ደግሞ የእቴቴ የክረምት ኩበት ክምር፤ ዙሪያው በእበት ተመርጎ፣ ገሳ ለብሶ፣ እንደ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን የቆመ።

ከውስጡ ሲያወጡኝ የመጀመሪያው ድምፅ የሰማሁት ገሳ ከለበሰው እረኛ ነው።

"ጋሼ፣ ይድገሙት!"

ያክስቴ ልጅ ወደ እኔ አልመጣም። ዱካዬን ሊያይ ዳገቱን ወጣ። ካርቪንግ በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ቀጭን መስመር ነው የሚተወው አለ። የኔ የድንች መደብ ይመስላል፤ ግራና ቀኙ ላይ ደግሞ የከስክስ ጭረት። ቁጭ ብሎ በጣቱ ለካው። ከዚያ ቡቱን አጠለቀ፤ የሱ እግር ለካ እውነተኛ 42 ነው፤ ደግሞም ጉፊ ነው፣ በዘራችን ሳይኖር አይቀርም። በረዶው ሳይቀልጥ ወረደ። ቦርዱ በጠርዙ ቆመ፣ እሱም ጉልበቱን አጥፎ እጁ በረዶውን ሊነካ ደረሰ፤ ወደ ግራ አንድ ቅስት፣ ወደ ቀኝ አንድ ቅስት፣ አቧራ የለ፣ ድምፅ የለ፣ ሽው ብቻ። ካቡ ጋ ሳይደርስ ቆመ።

አጎቴ ሄደው መስመሩን ጎንበስ ብለው አዩ። "ትልሙ ቀጥ አይልም እንጂ ጥልቀቱ አንድ ዓይነት ነው" አሉ። ከሳቸው ይሄ ትልቅ ምስጋና ነው፤ እኔን በዕድሜዬ እንዲህ ብለውኝ አያውቁም።

በማግስቱ ወፍጮ ቤት ወስዶ ሚዛን ላይ አወጣኝ። ባለ ወፍጮው ቁጥሩን አይቶ፣ ጋቢዬን አይቶ "ከነጆንያው ነው?" ብሎ ጠየቀ። እቴቴ ክምሩን መልሰው እስኪመርጉ ሦስት ቀን አላነጋገሩኝም፤ እበት ያቦካሁት እኔ ነኝ።

ያክስቴ ልጅ ካልጋሪ ተመልሷል። ባለፈው ሳምንት ደውሎ "ለገና ጫማ ልልክልህ ነው፤ አሁን እውነቱን ንገረኝ፣ ቁጥርህ ስንት ነው?" አለኝ።

"43" አልኩት።